የዛፍ ሽበት የሚበላው አባጨጓሬ

የመስቀል ሰሞን ነው። ደመራው ተለኩሶ፣ ዝናቡም ልሂድ አልሂድ እያለ በሚያመነታበት ሳምንት፣ የዘጠኝ ዓመቷን የልጅ ልጄን ሚጡን ይዤ ወደ አንኮበር ተነሣሁ። ልጄ፣ ማለትም የሚጡ እናት፣ «እማዬ፣ እዚያ ድረስ ወስደሽ ምን ልታሳዪያት ነው?» ብትለኝ፣ «የነምኒልክን ቤተ መንግሥት ቦታ» አልኳት። አልዋሸሁም። ሙሉውን ግን አልነገርኳትም። እኔን ወደዚያ የጎተተኝ አንድ ዛፍ ነበር፤ እሱም ከተቆረጠ 40 ዓመት ሊሞላው ነው።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ከአዲስ አበባ በለገጣፎ ወጥቶ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ሚጡ እስከ ሸኖ እንቅልፏን ለጠጠችው። ሸኖ ላይ ብርዱ ቀሰቀሳትና ለጋ ቅቤ የሚሸጡትን ሴቶች አይታ «እማማ፣ ቅቤው ፀሐይ ላይ ሆኖ አይቀልጥም?» አለችኝ። በዚያ ብርድ ምን ያቀልጠዋል! ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ሻይ ጠጣንና ከደሴው መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚቀረው፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በጎች፣ አልፎ አልፎም ቁጭ ብሎ ሣር የሚነጭ የጭላዳ መንጋ።

ከዚያ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል። ምድሩ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች የሚታየው ቆላ ወደ አፋር የሚወስደው ነው። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መጥቶ አንኮበርን ከነኮረብታዋ ይውጣታል። እኛ ጋቢ እንደርባለን፤ ዛፎቹ ግን ይጠጡታል። የዛሬ ጽሑፌ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ጉም ነው።

ያደርነው ድሮ ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ላይ ባለው ማረፊያ ነው። አንኮበር፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። የምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. የካፒቴን ሃሪስን የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የተቀበሉት በዚሁ አካባቢ ሳሉ ነው። ይህን ሁሉ ለሚጡ እየነገርኳት ዳገቱን ስንወጣ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮ አይደለምና በየአሥር እርምጃው እቆማለሁ። ስቆም ደግሞ ዛፍ ላይ እደገፋለሁ። እሷ ታሪኩን ትታ የተደገፍኩበትን ዛፍ ነበር የምታየው።

«እማማ፣ ዛፎቹም እንዳንቺ ሸብተዋል!»

ልጅቱ ሳታውቀው ስሙን ጠራችው። ከጥዱና ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ አረንጓዴ ክር መሳይ ነገር በአማርኛ የዛፍ ሽበት ነው የሚባለው። ግንዱ ላይ ደግሞ ወንድሞቹ አሉ፤ አንዱ እንደ ደረቀ የሊጥ ፍንጥቅጣቂ ተለጥፎ፣ ሌላው እንደ ጎመን ቅጠል ጠርዙ ተሸብሽቦ፣ ቢጫም፣ ግራጫም፣ አመድማም ሆኖ። ሳይንቲስቶች በአንድ ላይ ላይከን ይሏቸዋል።

ላይከን አንድ ተክል አይደለም። ሁለት ፍጥረት አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው። አንደኛው ፈንገስ ነው፤ ቤቱን ይሠራል፣ ውሃ ይይዛል። ሁለተኛው አልጌ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል። ይህን ነገር በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተናገረው የስዊዘርላንዱ ሲሞን ሽቬንደነር ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት ተቆጥተውት ነበር። በኋላ ግን እውነቱ ከእሱ ጋር ሆነ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይሰመርበት፦ የዛፍ ሽበት የዛፉን ደም አይመጥም። ዛፉ ላይ ተቀምጦ ጉምና ዝናብ ይጠጣል እንጂ ሥር ሰድዶ አይበላውም። ድንጋይ ላይም ይኖር የለ? ድንጋይ ምን ሊሰጠው! እድገቱም በጣም ዝግ ነው፤ ብዙዎቹ በዓመት የሚጨምሩት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መዳፍ የሚያህለውን አንዱን የፋቀ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ ፋቀ ማለት ነው።

ማታ እራታችንን በልተን ስንወጣ ከበራችን በላይ ያለው አምፖል በርቷል። ጉሙ ውስጥ ብርሃኑ እንደ እንቁላል አስኳል ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የእሳት እራት ተለጣጥፏል። የእሳት እራት! አባቶቻችን ስም ሲያወጡ እንዴት እንደሚያዩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኩራዙ ላይ እየዞረች ክንፏን የምታቃጥለዋን አይተው የእሳት ራት ሆና እንደምትቀር በአንድ ስም ነገሩን።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ነፍሳት የሚያወሩ መጻሕፍት ማንበብ ለምጃለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ስለዚህ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ለሚጡ «ነይ፣ እንደ ተረኛ ነርስ አልጋ በአልጋ እንዙር» አልኳት። ግድግዳው ላይ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ወፍራም ጠጉራም፣ ክንፏን እንደ ድንኳን የተከለች፣ ክንፏን ዘርግታ እንደ ቅጠል የተለጠፈች። ሁለቱ ላይ ግን ቆምን።

የመጀመሪያዋ ቀጭን ናት። ግራጫ ሆና ጠርዟ ብጫማ፤ ክንፎቿን አንዱን በሌላው ላይ ደርባ ጀርባዋ ላይ አጥብቃ ስላጠፈቻቸው የተላጠ የዱባ ፍሬ ትመስላለች። ራሷ ላይ ብጫ ጠጉር አለ፤ አንገቷ ላይ ሻርፕ የጠመጠመች ነው የሚመስለው። ሚጡ በሣር ጫፍ ስትነካት በረረች፤ ያኔ ከግራጫው ሥር እንደ ማራገቢያ ታጥፎ የነበረ ነጣ ያለ ብጫ የኋላ ክንፍ ታየን። ሁለተኛዋ ብርቱካናማ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ አለባት። ሁለቱም ትንንሾች ናቸው፤ አንድ ሰው ጥፍር ላይ ሊቀመጡ ምንም አይቀራቸው። እንግሊዞች ቀጫጭኖቹን የዚህ ወገን የእሳት እራቶች በጌታው በር ላይ የደንብ ልብስ ለብሶ ቀጥ ብሎ በሚቆም አሽከር ስም ነው የሚጠሯቸው። ክንፋቸውን ሰብስበው ሲቆሙ ላየ ሰው ስሙ ልክ ነው።

እነዚህ የላይከን እራቶች ናቸው። እንዲህ የተባሉት ልጆቻቸው፣ ማለትም አባጨጓሬዎቹ፣ ላይከንና ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ስለሚበሉ ነው። ብርቱካናማዋ ያን ያህል አሸብርቃ ያለ ፍርሃት የምትቀመጠው ለትዕቢት አይደለም፤ ወፍ «መራራ ናትና ተዋት» እንዲል ነው። ላይከን ውስጥ መራራ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከዚህ ወገን የሆኑ ብዙ ዓይነቶች አባጨጓሬ ሳሉ የበሉትን መራራ በሰውነታቸው ውስጥ አኑረው ክንፍ ካወጡም በኋላ እንደያዙት ተመርምሮ ተረጋግጧል። ልጅ ሆኖ የበሉት ነገር አድጎም ይጠብቃል፤ ለእኛ ለአያቶች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ስለ ስማቸው እውነቱን ልናገር። በወገን ደረጃ መለየት ሰው ሁሉ ሊማረው ይችላል። «ይህች በትክክል እንዲህ የምትባለዋ ናት» ለማለት ግን ብዙ ጊዜ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የውስጥ አካሏን ማየት አለበት። ለእኔ ይህ እንግዳ አይደለም። ትኩሳት ያለበትን ሰው ግንባሩን ዳስሼ «ትኩሳት አለው» እላለሁ፤ «ወባ ነው» ለማለት ግን የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ያየሁትን ልክ እስካየሁት ድረስ መናገር ነው ሙያው። ይህን መርሕ በሚገባ የተማርኩት ግን ጥሼው ነው።

አሁን ባትሪያችንን ይዘን ወደ ጥዱ ሄድን። የላይከን አባጨጓሬ ቀን ቀን በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል፤ የሚወጣው ማታ፣ ላይከኑ በጉም ርሶ ሲለሰልስ ነው። ከግንዱ ላይ ከመሬት እስከ ደረቴ ድረስ ቀስ ብዬ አበራሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ሚጡ ልትሰለች ስትል አንድ ጠፍጣፋ ግራጫ ላይከን ጠርዝ ላይ አንዲት ነገር ተንቀሳቀሰች።

ርዝመቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ጥቁር ግራጫ ናት፤ ጎንና ጎኗ ላይ ደብዛዛ ብጫ ነጠብጣብ አላት። ሰውነቷ ላይ በሰልፍ የቆሙ ትንንሽ ኪንታሮት መሳይ እብጠቶች አሉ፤ ከእያንዳንዱም እንደ ችቦ አጭር ጠጉር በቅሏል። ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘች የላይከኑን ገጽ ትፍቃለች። ያለፈችበት መንገድ ነጣ ብሎ ይታያል። የዚህ ወገን አባጨጓሬዎች መንጋጋ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚፈጭ ክፍል እንዳለ አንብቤያለሁ፤ ያንን በዓይን ማየት ባይቻልም ሥራው ግን እፊታችን ነበር። ከአጠገቧ ያለውን የጥድ ቅጠል ዞር ብላም አላየችው።

ሚጡ አጉሊ መነጽሩን ይዛ «እማማ፣ ዛፉን እየበላችው ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፤ የዛፉን ሽበት ነው የምትበላው» አልኳትና ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረብኝ። ይችኑ የምትመስል አባጨጓሬ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ቦታ በወረንጦ ይዤ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን እንዲህ ጎንበስ ብዬ የምትበላውን አላየሁም።

በ1978 ዓ.ም. በነርስነት ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ የመጀመሪያ ምደባዬ በዚህ ደጋ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነበር። ዕድሜዬ 25 ነው፤ ነጭ ጋውኔ ገና አልታጠበም። አንድ ቀን የአካባቢው ትምህርት ቤት መምህር መጣና «ሲስተር፣ ልጆቹ በማሳከክ መማር አልቻሉም» አለኝ። ሄድኩ። ልጆቹ እጃቸውን፣ ሆዳቸውን ያካሉ። ግቢው መሐል ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ትልቅ ኮሶ ቆሟል፤ የክትባት ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚጠብቁት ከሥሩ ነበር። ግንዱን የዛፍ ሽበት ሸፍኖታል። ልጆቹ እረፍት ላይ ይደገፉታል። ቅርፊቱ ላይ ጠጉራም አባጨጓሬዎች አገኘሁ።

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? አባጨጓሬ እንደሚያሳክክ ማን የማያውቅ አለ? አንድም ልጅ ልብሱን አስወልቄ በደንብ ሳላይ፣ «የሚያሳክክህ መቼ ነው? ቤትህስ ሌላ ሰው ያክካል ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅ፣ የማሳከኩ መንስኤ በዛፉ ላይ ያለው አባጨጓሬ ስለሆነ ዛፉ ይወገድ ብዬ ጻፍኩ። ማኅተምም አለበት። ኮሶው በሁለት ቀን ተገንድሶ ማገዶ ሆነ።

ማሳከኩ ግን አልቆመም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት እናት ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ መጣች። ይህ ሕፃን ትምህርት ቤት ሄዶ አያውቅም። «ሌሊት ሌሊት አያስተኛንም፤ እኔንም አባቱንም ያሳክከናል» አለችኝ። ጣቶቿን ገልጬ አየሁ። በጣቶቿ መሐል ቀጫጭን መስመሮች፣ የእጅ አንጓዋ ላይ ትንንሽ ሽፍታ፣ ወገቧ ላይም እንዲሁ። እከክ ነበር። ገና ተማሪ ሳለሁ በሥዕል ያየሁት፣ በፈተናም ያልተሳሳትኩት እከክ።

መድኃኒቱን አስመጣን፤ ቤንዚል ቤንዞኤት የሚባለውን ፈሳሽ መላ ቤተሰቡን ቀባን፤ ልብስና አንሶላ ተቀቀለ። ልጆቹ ዳኑ። ሕዝቡ ግን የዳኑት ዛፉ ስለተቆረጠ ነው አለ፤ አመሰገነኝም። እኔም ዝም አልኩ። 25 ዓመቴ ነበር፤ ሲስተር ተሳሳተች ከምትባል ዛፉ ጥፋተኛ ሆኖ ቢቀር መረጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ይህን ለማን እንደምናገር እያሰላሰልኩ ቁርስ ላይ ሳለን ሚጡ ወደ አጥሩ ስትሮጥ ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች። ቁርጭምጭሚቷና ባቷ ላይ ነጫጭ እብጠት ተነሥቶ ዙሪያው ቀልቷል። በዚያው ቅጽበት እናቷ ደወለች። የልጅቱን ለቅሶ ስትሰማ «አባጨጓሬ ነው አይደል? እማዬ፣ ማታ አባጨጓሬ ስታሳዪያት አመሸሽ አለችኝ እኮ! አሁኑኑ ይዘሻት ነይ!» አለች። እኔም በደመ ነፍስ «አዎ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ቆምኩ። ልጅቱን ወንበር ላይ አስቀምጬ አየኋት። ማታ አባጨጓሬዋን የያዘችው በሣር ጫፍ እንጂ በእጇ አይደለም፤ እጇ ደግሞ ንጹሕ ነው። ሽፍታው ያለው ከካልሲዋ በላይ፣ በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ነው። የጀመረው ከደቂቃ በፊት ነው። «በየት በኩል ሄድሽ?» ብዬ ተከትያት ሄድኩ። አጥሩ ሥር ሳማ እንደ ጎመን ማሳ ተንጣሎ ቆሟል። በውሃና በሳሙና አጠብኩላት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረግኩላት፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ረሳችው።

ለወላጆችና ለአያቶች ይጠቅም ይሆናልና በዚሁ ልዩነቱን ልንገራችሁ። ሳማ ወዲያው ይለበልባል፤ ተክሉ በነካው ቦታ ብቻ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። የሚያሳክክ አባጨጓሬ ጠጉር ከነካ ከደቂቃ እስከ ሰዓታት ባለው ጊዜ ሽፍታ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ልብስ ባልሸፈነው ቦታ፣ አንገትና ክንድ ላይ ነው፤ ቀናት ሊቆይ ይችላል። እከክ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሌሊት ይብሳል፤ በጣት መሐል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ዙሪያ ይታያል፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ብቻ አያክክም። እከክ የያዘው ቤት መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን መታከም አለበት፤ ያለዚያ ይመላለሳል።

የአባጨጓሬ ጠጉር ልጅ ላይ ከተሰካ አትሹት፤ ማሸት ጠጉሩን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የቁስል ፕላስተር ወይም ማንኛውንም የሚያጣብቅ ነገር ለጥፎ ቀስ ብሎ መንቀል፣ ይህንንም ደጋግሞ ማድረግ፣ ከዚያ በሳሙና ማጠብና ማቀዝቀዝ ነው። ልብሱን አውልቁና እጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ ሳታሹ ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ጠጉሩ ዓይን ውስጥ ዘልቆ ሊጎዳ ይችላል። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ አትጠብቁ።

የላይከን አባጨጓሬዎችስ? አብዛኞቹ ሰው ላይ ጉዳት የላቸውም። ቢሆንም ጃፓን ውስጥ በቤት ጣሪያ ላይ ካለ ላይከንና ሽበት የሚኖር አንድ የዚህ ወገን አባጨጓሬ ሰውን እንደሚያሳክክ ይታወቃል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ዓይን ይይ፣ እጅ አይንካ። መመልከቻውም እንዲህ ነው። ግንድ ላይ ነው ወይስ ቅጠል ላይ? የሚፍቀው ላይከኑን ነው ወይስ ቅጠሉን እየቦደሰ ነው? ብቻውን ነው ወይስ በመንጋ ድር ሠርቷል? ትንሽ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ ግንድ ላይ የሚፍቅ ከሆነ ዛፉን አይጎዳውምና ተዉት።

ከቁርስ በኋላ ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄድን። የድሮው የጤና ጣቢያ ዘበኛ ጎረቤት ሆነው አሁንም አሉ፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ከሩቅ አይተውኝ «ሲስተር! እንዴት ከረሙ! እኛስ እንደሞቱ ቆጥረን ነበር» አሉኝ። አቅፈው ሳሙኝ። ሚጡንም ባረኩልኝ። የኮሶው ቦታ ላይ ምንም የለም፤ የባንዲራ መስቀያ ቆሟል። እናቶች አሁን የሚጠብቁት ፀሐይ ላይ ነው።

አጥሩ ዳር ያለውን ረጅም ጥድ አየሁት። ግንዱ ከሥር እስከ ሰው ቁመት በገጀራ ተፍቆ ቆዳው የተገፈፈ ይመስላል። ሥሩ ላይ ደግሞ የእሳት ጥቁረት አለ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የእርስዎን ትእዛዝ ነዋ ሲስተር! ያኔ አባጨጓሬ ያለበት ዛፍ ልጅ ያሳክካል ብለው አስተምረውን የለ? ከዚያ ወዲህ ሽበት ያወጣውን ሁሉ እንፍቃለን፤ ሥሩንም እናጥናለን። ያልተሻለውን እንቆርጣለን። ልጆቻችን ደህና ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን።»

እኔ ከአንድ ዛፍ ጋር ሒሳቤን ልዘጋ ነበር የመጣሁት። ለካ ስሕተቴ ሳያረጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ በየዓመቱ ገጀራ ይዞ ይዞር ኖሯል።

ነገርኳቸው። እከክ እንደነበር፣ ልጆቹን ያዳናቸው መድኃኒቱ እንደነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት እንዳወቅኩትና ዝም እንዳልኩ፣ ሁሉንም። ሚጡ እጄን ይዛ ትሰማ ነበር። እሳቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ እየወጉ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ጥሩ እንጨት ነበር» አሉ። «ክረምቱን ሙሉ የጤና ጣቢያውን ውሃ ያፈላንበት በእሱ ነው።» ደግሞ ቆይተው «ለኔ ነግረው ምን ያደርጋል? ሰዉ የሚሰማው እርስዎን ነው፤ ለመምህራኑ ራስዎ ይንገሩ እንጂ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የርእሰ መምህሩ ቤት ቅርብ ስለነበር ጠርተው አስተዋወቁኝ። ልጅ እግር ናቸው፤ ኮሶው ሲቆረጥ አልተወለዱም። ሁሉንም ደግሜ ተናገርኩ፤ ሁለተኛ ጊዜም ቀላል አልነበረም። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፦ «ታዲያ ሽበቱ ለዛፉ ካልጎዳ፣ ጥቅሙስ ምንድን ነው?»

ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገር። የዛፍ ሽበት ሥር ስለሌለው ውሃውንም ምግቡንም የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየርና ከዝናብ ነው። አየር ውስጥ ያለውን ጭስም አብሮ ይጠጣል፤ በተለይ ድኝ ያለበት ጭስ ይገድለዋል። ኒላንደር የሚባል የፊንላንድ ተመራማሪ በ1866 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ከተማ ውስጥ ላይከን በአንድ የአትክልት ሥፍራ በርካታ ሆኖ በሌላው የከተማዋ ክፍል ግን እንደጠፋ አይቶ፣ ላይከን የአየርን ጤንነት ይመሰክራል አለ። ለንደንን በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. የሸፈናት የድንጋይ ከሰል ጭስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በ1956 እ.ኤ.አ. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ባለፉት አሥርተ ዓመታት የድኝ ጭስ ሲቀንስ በእንግሊዝ ላይከኑ ወደ ዛፎቹ እየተመለሰ ነው፤ ከእሱ ጋርም አሽከር የሚሏቸው የላይከን እራቶች በዝተዋል። ለሳንባ ሕሙማን አልጋ አጠገብ ብዙ ሌሊት ለቆመች ነርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ሽበት ለልጆቹ «የምትተነፍሱት አየር ደህና ነው» የሚል ምስክር ነበር። እኛ ምስክሩን በገጀራ ስንፍቅ ኖርን።

ርእሰ መምህሩ «ሰኞ ሰልፍ ላይ እናገራለሁ» አሉኝ። የተፈቀውን ጥድ ግን ደጋግመው አዩት። ቅርፊቱ ዙሪያውን ስላልተገፈፈ ሊድን እንደሚችል ዘበኛው ተናገሩ። ሽበቱ ግን መልሶ እስኪያብብ፣ አባጨጓሬዋም እስክትመለስ፣ እኔ አልደርስበትም። ሚጡ ትደርስበት ይሆናል።

ስንመለስ ሚጡ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ዛፍ ስትቆጥር ነበር፤ «ሸብቷል፣ ሸብቷል፣ አልሸበተም» እያለች። ወደ አዲስ አበባ ስንቃረብ «አልሸበተም»ው በረከተ። በእኛ ሰፈር አስፋልት ዳር ያለው ዛፍ ጋ ስንደርስ መቁጠር አቆመች። እቤት ስንገባ እናቷ እግሯን ገልጣ እያየች «ታዲያ አባጨጓሬው ነው?» አለቻት።

«ሳማ ነው» አለች ሚጡ። «እማማ መጀመሪያ አየችኝ፣ ከዚያ ነው የተናገረችው።»